ካርዱ ሳይሰጥ ደንቡ ይጻፍ፦ የድርጅት ክሬዲት ካርድን በሠራተኛ እጅ ለማስያዝ የሚረዳ መመሪያ

በአሜሪካ ንግድ የሚያካሂዱ ብዙ ወገኖቻችን ሥራውን የሚጀምሩት በአንድ ካርድ ነው። ነዳጁን፣ የጽሕፈት መሣሪያውን፣ የጓንትና የጽዳት ዕቃውን ባለቤቱ ራሱ ይከፍላል። ሥራው ሰፋ ሲል ግን ሁሉ ቦታ መድረስ አይችልም። የሕሙማን ማመላለሻው ሦስተኛ መኪና ይገዛል፣ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅቱ ሁለተኛ ቢሮ ይከፍታል፣ ምግብ ቤቱ ገበያ የሚወጣ ሰው ይቀጥራል። ያን ጊዜ ካርዱ ወደ ሠራተኛ እጅ ይገባል። አብሮት የሚሰጠው መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ «ለሥራ ብቻ ተጠቀምበት» የሚል ብቻ ነው።

ይህ አይበቃም። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሾፌር ማደያ ውስጥ የገዛው ሳንድዊች በማን ይከፈላል? የሥራ ባልደረባ ሐዘን ሲደርስበት ለለቅሶ ቤት የተገዛው ምግብስ? ደንበኛ ተጋብዞ ሒሳቡ ሲመጣ ቢራውም አብሮ ይከፈላል? መልሱ አስቀድሞ ካልተጻፈ እያንዳንዱ ሠራተኛ እንደ ኅሊናው ይወስናል። ባለቤቱ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ሳይጠይቅ ይቆያል። ካርዱ የተሰጠው ለአክስት ልጅ ወይም ለሚዜ ከሆነ ደግሞ ደረሰኝ መጠየቁ ራሱ ነውር ይመስላል። ዝምታው ወራት ካለፉ በኋላ የሚፈነዳው በጠብ ነው።

ደንብ መጻፍ ሠራተኛን አለማመን አይደለም። ደንብ በሌለበት ቤት ገንዘብ ሲጎድል ሁሉም ይጠረጠራል፤ ከሁሉ የሚጎዳውም ታማኙ ነው። የተጻፈ ደንብ ለእሱ መከላከያው ነው። ባለቤቱንም ከይሉኝታ ያወጣዋል፤ «ደረሰኝህ የታለ?» የሚለው ጥያቄ ለማንም እኩል የሚቀርብ የወር ሥራ ይሆናል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ እነዚህን እርምጃዎች ካርዱን ከማስረከብዎ በፊት ይጨርሱ።

እርምጃ 1፦ ዕዳው የማን እንደሆነ ይወቁ

ብዙ ባለቤቶች «ሠራተኛው ያለ ፈቃዴ ቢጠቀም ባንኩ ይመልስልኛል» ብለው ያስባሉ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ካርድ ባለካርዱ ሳይፈቅድ በሌላ ሰው ሲሠራበት የባለካርዱን ኃላፊነት በ50 ዶላር ይገድባል፤ ይህ ጥበቃ ለንግድ ካርድም ይሠራል። ነገር ግን ካርዱን በእጅዎ የሰጡት ሰው ከተባለው በላይ ቢያወጣ ጉዳዩ ሌላ ነው።

በ1978 የአላባማ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ ፍርድ ቤት አንድ ጉዳይ ቀርቦለት ነበር። አንድ ሰው ካርዱን ለሥራ ሸሪኩ ሰጥቶ «ከ500 ዶላር እንዳታልፍ» ብሎ በቃል ነግሮታል። ለካርድ ኩባንያውም ሒሳቡ ከ1,000 ዶላር እንዳያልፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። ሸሪኩ ግን ወደ 5,300 ዶላር ገደማ አወጣበት። ፍርድ ቤቱ ካርዱን በፈቃዱ የሰጠው ራሱ ባለካርዱ ስለሆነ የ50 ዶላሩ ጥበቃ አያገኘውም፣ ዕዳውን ይክፈል አለ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፦ በቃል የተነገረም ሆነ በደብዳቤ የተጠየቀ ገደብ ባንኩን አያስረውም። ገደቡ ባንኩ ዘንድ በካርዱ ላይ መሞላት አለበት።

ሌሎች ሦስት ነገሮችንም ይመልከቱ። አንደኛ፣ አብዛኛው የአነስተኛ ንግድ ካርድ የሚሰጠው ባለቤቱ በግሉ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ነው፤ ድርጅቱ ካልከፈለ የእርስዎ የግል ክሬዲት ሊበላሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ ባንኩ ለአንድ ድርጅት ሠራተኞች 10 ወይም ከዚያ በላይ ካርዶች ከሰጠ፣ ከ50 ዶላሩ የበለጠ ኃላፊነት በውል ድርጅቱ ላይ መጣል ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ አሥረኛውን ካርድ ከመጠየቅዎ በፊት ውሉን ያንብቡ። ሦስተኛ፣ ለሠራተኛ ዴቢት ካርድ አይስጡ። የኤሌክትሮኒክ ክፍያን የሚመለከተው ፌዴራል ሕግ የሚጠብቀው የግል ሒሳብን እንጂ የንግድ ሒሳብን አይደለም፤ በዴቢት የወጣ ገንዘብ ደግሞ ወዲያውኑ ከባንክ ሒሳብዎ፣ ምናልባትም ለደመወዝ ካስቀመጡት ላይ ይወጣል።

እርምጃ 2፦ ለማን እንደሚሰጥና እስከ ስንት እንደሆነ ይወስኑ

ካርድ የማዕረግ ምልክት አይደለም። የሚሰጠው ሥራው በየሳምንቱ ግዢ ለሚያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። በወር አንድ ጊዜ ዕቃ የሚገዛ ሠራተኛ ካርድ አያስፈልገውም፤ እርስዎ ይክፈሉለት ወይም በራሱ ከፍሎ ደረሰኝ ያምጣና ይተካለት።

ለእያንዳንዱ ሰው በስሙ የወጣ የራሱ ካርድ ይስጡ። አንድ ካርድ በጠረጴዛ መሳቢያ ተቀምጦ «የፈለገ ይውሰድ» ከተባለ፣ ስቴትመንቱ ላይ የማን ወጪ እንደሆነ የሚታወቅበት መንገድ የለም። ለባልደረባ ማዋስም በደንቡ ይከልከል።

ገደቡን በግምት አያስቀምጡ። ያ የሥራ መደብ ባለፉት ሦስት ወራት በእውነት ምን ያህል እንዳወጣ ይቁጠሩና ትንሽ መጠባበቂያ ይጨምሩ። የወሩ ገደብ ብቻውን አይበቃም፤ ባንኩ የሚፈቅድ ከሆነ የቀንና የአንድ ግዢ ገደብም ይሙሉ። በወር 900 ዶላር ነዳጅ ለሚሞላ ሾፌር የ5,000 ዶላር ካርድ መስጠት ለእሱም ለእርስዎም ፈተና ነው።

እርምጃ 3፦ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በሦስት ከፍለው ይጻፉ

«ተገቢ ወጪ ብቻ» የሚል ደንብ ምንም አልተናገረም። ወጪዎቹን በስማቸው ይጥሩ።

ሳይጠየቅ የሚፈቀድ፦ ለድርጅቱ መኪና ነዳጅ፣ የመንገድና የመኪና ማቆሚያ ክፍያ፣ ከተወሰነ ዋጋ በታች የሆነ የቢሮና የጽዳት ዕቃ፣ ከታወቁ አቅራቢዎች የሚገዛ የምግብ ቤት ግብዓት።

አስቀድሞ ተጠይቆ የሚፈቀድ፦ ከ200 ዶላር በላይ የሆነ ማንኛውም ግዢ (መጠኑን እርስዎ ይወስኑ)፣ የመኪና ጥገና፣ ሆቴልና የአውሮፕላን ትኬት፣ ደንበኛን መጋበዝ፣ በየወሩ የሚታደስ የኢንተርኔት አገልግሎት። ፈቃዱ በጽሑፍ መልእክት ቢሆን ይበቃል፤ ዋናው ነገር ማስረጃ መኖሩ ነው።

በምንም መንገድ የማይፈቀድ፦ የግል ዕቃ («በኋላ እመልሳለሁ» ቢባልም)፣ በካርዱ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት፣ ሎተሪና ቁማር፣ የትራፊክ ቅጣት፣ ለሌላ ሰው በስልክ ገንዘብ መላክ፣ የስጦታ ካርድ።

የስጦታ ካርዱን ክልከላ በተለይ አጉልተው ይጻፉት። አጭበርባሪዎች በባለቤቱ ስም «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ቶሎ ብለሽ የስጦታ ካርድ ግዢና ቁጥሩን ላኪልኝ» የሚል መልእክት ለሠራተኞች ይልካሉ። ጥሩ ሠራተኛ አለቃዋን ለመታዘዝ ስትሮጥ ገንዘቡ ይጠፋል። ደንቡ «ባለቤቱ በመልእክት የስጦታ ካርድ እንዲገዛ በጭራሽ አያዝዝም» የሚል ከሆነ ግን ሠራተኛዋ ሳትፈራ እምቢ ትላለች።

የእኛን ኑሮ የሚነኩ ወጪዎችንም አይዝለሉ። ለለቅሶ፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለሠርግ ድርጅቱ ምን ያህል እንደሚያወጣና ማን እንደሚወስን ይጻፉ። ይህን ያለ ደንብ ከተዉት ማኔጀሩ ለአንዱ ሐዘን 300 ዶላር ያወጣል፣ ለሌላው ምንም አይደረግለትም፤ ቅሬታው ከገንዘቡ ይበልጣል። ግብዣ ላይም «ተወው፣ እኔ ልክፈል» ማለት ባህላችን ስለሆነ፣ በድርጅቱ ካርድ መክፈል የሚቻለው የሥራ ጉዳይ ላለው እንግዳ ብቻ መሆኑን፣ የእንግዳው ስምና የተነጋገሩበት ጉዳይ ደረሰኙ ላይ እንደሚጻፍ፣ መጠጥ ይከፈል እንደሆነና ጉርሻ እስከ ስንት በመቶ እንደሚሰጥ ይወስኑ። ለግብር ሲባል የሥራ ምግብ በአብዛኛው ተቀናሽ የሚሆነው ግማሹ ብቻ ነው፤ ደንበኛን ኮንሰርት ወይም ጨዋታ ለመጋበዝ የወጣ ገንዘብ ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ተቀናሽ አይሆንም። የትራፊክ ቅጣትም እንዲሁ አይቀነስም።

እርምጃ 4፦ ባንኩ የሚጠብቀውን ባንኩ ይጠብቅ

እያንዳንዱ ካርድ የሚቀበል ንግድ በካርድ ኩባንያዎቹ ዘንድ የንግዱን ዓይነት የሚናገር ባለ አራት አኃዝ ኮድ አለው። ምግብ ቤት 5812፣ ግሮሰሪ 5411፣ ነዳጅ ቀጂው ማሽን 5542፣ ቁማር ቤት 7995 ነው። ብዙ ባንኮች የንግድ ካርድን በእነዚህ ዓይነቶች መክፈትና መዝጋት ይፈቅዳሉ። የሾፌሩን ካርድ ለነዳጅና ለመኪና አገልግሎት ብቻ ክፍት ያድርጉት፤ የገበያተኛውን ለግሮሰሪና ለጅምላ መደብር። ጥሬ ገንዘብ ማውጣትን ከሁሉም ካርዶች ላይ ያዘጉ። እያንዳንዱ ግዢ ሲፈጸም ለእርስዎና ለሠራተኛው በስልክ ማሳወቂያ እንዲደርስም ያድርጉ።

ሆኖም ኮዱ የሚያየው ሱቁን እንጂ የተገዛውን ዕቃ አይደለም። ማደያው ውስጥ ያለው ሱቅ ሲጋራም ሎተሪም ይሸጣል፤ ባንኩ ግን «ማደያ» ብሎ ያሳልፈዋል። ስለዚህ ደረሰኙ የግድ ነው።

እርምጃ 5፦ የደረሰኝ ሥርዓት ያቁሙ

የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ለሠራተኛ የሚከፈል ወጪ ደመወዝ ሳይባል እንዲያልፍ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ ወጪው ከሥራ ጋር የተያያዘ ይሁን፣ ሠራተኛው በቂ ማስረጃ ያቅርብ፣ የተረፈ ገንዘብ ካለ ይመልስ። ይህን አሠራር «አካውንተብል ፕላን» ይሉታል። ወጪው በወጣ በ60 ቀን ውስጥ ማስረጃ ከቀረበና ትርፉ በ120 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ጊዜው ተገቢ ነው ተብሎ ይታያል። ይህ ካልተሟላ ገንዘቡ እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ ግብር ይቆረጥበታል፤ ድርጅቱም ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የራሱን 7.65 በመቶ ይጨምራል።

ለጉዞና ለመሰል ወጪዎች አይአርኤስ ደረሰኝ የግድ የሚለው ለማደሪያ በማንኛውም መጠን፣ ለሌላው ደግሞ ከ75 ዶላር ጀምሮ ነው። እርስዎ ግን ይህን ልዩነት ለሠራተኛ አያስተምሩ። «ለሁሉም ግዢ ደረሰኝ» የሚል ደንብ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ በ74 ዶላር የሚከፋፈል ግዢም አያስከትልም። ስቴትመንቱ ብቻውን ደረሰኝን አይተካም፤ የት እንደተከፈለ እንጂ ምን እንደተገዛ አይናገርም።

አሠራሩ ይህን ይመስላል እንበል። ስቴትመንቱ ላይ በአንድ ማደያ 74.25 ዶላር ይታያል። ሾፌሩ የላከው ደረሰኝ ግን ሁለት መስመር አለው፦ 62.40 ነዳጅ፣ 11.85 ሳንድዊችና ለስላሳ። ሾፌሩ ደረሰኙ ላይ የመኪናውን ቁጥርና የተጓዘበትን ማይል ጽፏል፤ ከ11.85ቱ አጠገብም «የግል» ብሎ ገንዘቡን በዚያው ሳምንት መልሷል። ለቡክኪፐሩ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የመኪናው ቁጥር መጻፉ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ 15 ጋሎን የሚይዝ መኪና 21 ጋሎን ተሞላ ከተባለ ቀሪው ሌላ ታንክ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

የማደያና የምግብ ቤት ደረሰኝ የሚታተምበት ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሠራተኛው ከከፈለበት ቦታ ሳይርቅ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ወደ አንድ የተወሰነ አድራሻ ይላክ። አይአርኤስ የሚነበብና በሥርዓት የተቀመጠ የኤሌክትሮኒክ ቅጂን ይቀበላል። ደረሰኞችን ቢያንስ ለሦስት ዓመት፣ ከደመወዝ ግብር ጋር የተያያዙትን ለአራት ዓመት ያቆዩ። ደረሰኝ ለጠፋበት ሠራተኛ ደግሞ ቀኑን፣ ቦታውን፣ መጠኑንና ምክንያቱን ጽፎ የሚፈርምበት አንድ ቅጽ ያዘጋጁ፤ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድም ይወስኑ።

እርምጃ 6፦ የወር መዝጊያ ቀንና የሚመረምር ሰው ይመድቡ

ስቴትመንቱ ከመጣ በኋላ ባሉት አምስት የሥራ ቀናት ሁሉም ደረሰኝ ከመስመሩ ጋር ይገናኝ። ማንም የራሱን ካርድ ራሱ አያጽድቅ፦ የሾፌሩን ማኔጀሩ፣ የማኔጀሩን ባለቤቱ፣ የባለቤቱን አካውንታንቱ ይይ። ለግል ካርድ ሕጉ የሒሳብ ስሕተትን ለማሳወቅ 60 ቀን ይሰጣል፤ ለንግድ ካርድ ግን ጊዜውን የሚወስነው ከባንኩ ጋር ያለዎት ውል ስለሆነ ምርመራውን አያዘግዩ።

መርማሪው እነዚህን ይፈልግ፦

• በአንድ ቀን ከአንድ ሱቅ ሁለት ወይም ሦስት ግዢ፣ እያንዳንዱ ከገደቡ ትንሽ ዝቅ ያለ።
• ሠራተኛው ዕረፍት ላይ ባለበት ቀን የወጣ ወጪ።
• በነጻ ሙከራ ተጀምሮ በየወሩ ገንዘብ የሚወስድ የኢንተርኔት አገልግሎት።
• በድርጅቱ ካርድ ነዳጅ ሞልቶ ለዚያው ጉዞ የማይል ክፍያ የጠየቀ። የአይአርኤስ የማይል ተመን፣ በ2025 በማይል 70 ሳንቲም የነበረው፣ ነዳጁን ጭምር የያዘ ስለሆነ ይህ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።
• ተመላሽ የሆነ ዕቃ ገንዘቡ ወደ ካርዱ ሳይሆን ወደ ሱቅ ክሬዲት የሄደ።

በካርዱ የሚጠራቀመው ነጥብ የማን እንደሆነም ይጻፉ። የድርጅቱ ነው ማለት ይችላሉ፤ ለሠራተኛው ማበረታቻ ይሁን ካሉም ይፈቀዳል። ሳይጻፍ መቅረቱ ነው የሚያጣላው።

እርምጃ 7፦ ስሕተትና ጥፋት ለየብቻ ይታዩ

በችኮላ ካርድ ተሳስቶ ከሱፐርማርኬት አስቤዛ የገዛ ሠራተኛ ሌባ አይደለም። ደንቡ መንገድ ይክፈትለት፦ በ48 ሰዓት ውስጥ ያሳውቅ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይመልስ፣ ነገሩ እዚያ ያብቃ። ለሚደጋገም ስሕተት ግን ደረጃውን ያስቀምጡ፦ መጀመሪያ የጽሑፍ ማሳሰቢያ፣ ቀጥሎ ካርዱን ለተወሰነ ጊዜ መውሰድ፣ ከዚያም ለዘለቄታው መንጠቅ። ሆን ተብሎ የተሠራ ማጭበርበር ከሥራ እንደሚያሰናብት በግልጽ ይጻፍ። ያው ቅጣት ለዘመድም ለባዳም እኩል ይሁን። አንድ ጊዜ ለወንድምዎ ካለፉ ደንቡ በዚያ ቀን ሞቷል።

ያልተመለሰን ገንዘብ በራስዎ ሥልጣን ከደመወዝ አይቁረጡ። ሕጉ በየክፍለ ግዛቱ ይለያያል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለእንዲህ ያለ ቅነሳ የሠራተኛውን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ኒውዮርክና ካሊፎርኒያ ከዚያም የጠበቀ ሕግ አላቸው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ነው፤ የብዙ ክፍለ ግዛቶች ከዚያ ይበልጣል፤ ድርጅቱ የደረሰበትን ኪሳራ በሠራተኛው ላይ ቆርጦ ከዚያ በታች ማውረድ ደግሞ ያስከስሳል። የመጀመሪያውን ቅነሳ ከማድረግዎ በፊት ያሉበትን ክፍለ ግዛት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ።

እርምጃ 8፦ ለጠፋ ካርድና ለሚለቅ ሠራተኛ አስቀድመው ይዘጋጁ

ካርዱ ሲጠፋ ሠራተኛው መጀመሪያ ለባንኩ፣ ቀጥሎ ለእርስዎ ይደውል፤ እሑድ ሌሊትም ቢሆን። የባንኩ ቁጥር በስልኩ ውስጥ እንዲቀመጥ ካርዱን ሲያስረክቡ ያረጋግጡ። ቶሎ በማሳወቁ እንደማይቀጣ በደንቡ ይጻፉ፤ የሚፈራ ሰው ሦስት ቀን ሲፈልግ ይቆያል፣ ሌባው ደግሞ በእነዚያ ቀናት ይገዛበታል።

ሠራተኛ ሲለቅ ካርዱ የሚዘጋው በዚያው ቀን ነው። ፕላስቲኩን መቀበል ብቻ አይበቃም። ቁጥሩ በስልኩ፣ በመገበያያ ድረ ገጾችና በየወሩ በሚታደሱ አገልግሎቶች ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ካርዱን ከባንኩ ዘንድ ያዘጉ፣ በእሱ የሚከፈሉትን አገልግሎቶች ወደ ሌላ ካርድ ያዛውሩ፣ ያልቀረቡ ደረሰኞችን ከመጨረሻው የሥራ ቀን በፊት ይቀበሉ።

እርምጃ 9፦ አንብቦና ገብቶት ይፈርም

ደንቡ ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የማይነበብ ደንብ ማንንም አይጠብቅም። ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋ ይጻፉት፤ ሠራተኞችዎ አማርኛ፣ እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ከሆኑ በሦስቱም ይሁን። ቁጭ ብለው አብረው ያንብቡ፣ ምሳሌ እየሰጡ ይጠይቁት። የፊርማው ገጽ ይህን ያህል ቢል ይበቃል፦

«የመጨረሻ አራት አኃዙ ____ የሆነውን የድርጅቱን ካርድ በ____ ቀን ተረክቤአለሁ። የወር ገደቡ ____ ዶላር መሆኑን አውቃለሁ። ካርዱን ለግል ጉዳይ አልጠቀምበትም፣ ለሌላ ሰው አላውሰውም። ለእያንዳንዱ ግዢ ደረሰኝ በ____ ቀን ውስጥ አቀርባለሁ። ቢጠፋብኝ ወዲያውኑ አሳውቃለሁ። ሥራ ስለቅ ወይም ስጠየቅ እመልሳለሁ። ደንቡን አንብቤ ያልገባኝን ጠይቄ ተረድቻለሁ።»

አንዱን ቅጂ ለሠራተኛው፣ አንዱን ለፋይሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ገደቦቹን ከእውነተኛው ወጪ ጋር አስተያይተው አሻሽለው እንደገና ያስፈርሙ።

እርምጃ 10፦ ራስዎም በደንቡ ሥር ይግቡ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ባለቤቱ በድርጅቱ ካርድ የልጆቹን ጫማ እየገዛ ለሾፌሩ ሳንድዊች ደረሰኝ ቢጠይቅ ማንም አይሰማውም። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ድርጅትዎ ኃላፊነቱ የተወሰነ ኩባንያ (ኤልኤልሲ) ከሆነ፣ የግልና የድርጅት ገንዘብ መቀላቀሉ ክስ ሲመጣ ቤትዎንና የግል ንብረትዎን የሚጠብቀውን የሕግ ከለላ ለማፍረስ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ ይችላል። ለራስዎ ደመወዝ ወይም የባለቤት ድርሻ ያውጡ፣ የግሉን በግል ካርድ ይግዙ፣ የድርጅት ካርድዎን ደረሰኝ ከሠራተኞቹ ጋር እኩል በመዝጊያው ቀን ያቅርቡ። ሠራተኞችዎ ያን ሲያዩ ደንቡ የሁሉም ይሆናል።

ካርዶቹን አስቀድመው ሰጥተው ከሆነም አልረፈደም። በዚህ ሳምንት የሦስት ወር ስቴትመንት አውጥተው ማን፣ የት፣ ስንት እንዳወጣ ይመልከቱ። በሚቀጥለው ሳምንት ገደቦቹን ከባንኩ ጋር ይሙሉና ደንቡን ይጻፉ። በሦስተኛው ሳምንት ሠራተኞችዎን ሰብስበው ያንብቡላቸው፤ ያለፈውን ለመወቃቀስ ሳይሆን ከዚህ ቀን ጀምሮ ሁላችንም በዚህ እንሠራለን ለማለት። የመጀመሪያውን ፊርማ የራስዎ ያድርጉት።